ብረት የተሳፈረበት ቅዳሜ

ገበያ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ሁሉም «ግራም» ነው የሚለው። ከሩቅ ብቅ ሲል «ግራም መጣ!» ይባባላሉ። ያን ጊዜ ስኳር ሻጩ ከሚዛኑ ሥር የለጠፋትን ማግኔት ይነቅላል፣ ሥጋ ሻጩ አውራ ጣቱን ከሚዛኑ ላይ ያነሳል፣ ሽንኩርት ሻጯም ሳታስበው ደግ ትሆናለች። የሚዛን ተቆጣጣሪ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ሚዛን ሲፈትሽ ኖሯል፤ ጉቦ አይቀበልም፣ ምልጃ አይሰማም፣ ዘመድ አያውቅም። አንድ ጊዜ ሚስቱ የምትሠራበትን ሆስፒታል የሕፃናት ሚዛን «አራት ግራም ያጎድላል» ብሎ አሽጎት፣ በዚያ ሳምንት የተወለደ ሁሉ ክብደቱ ሳይታወቅ ዓለምን ተቀላቅሏል።

የሰውን ሚዛን እንዲህ የሚያስተካክል ሰው የራሱን ማስተካከል አቅቶት ነው የሚኖረው። በአንዱ በኩል ትንሽ ካስቀመጠ በሌላው በኩልም ትንሽ መጨመር አለበት፤ ከዚያ መልሶ በዚያኛው፤ ሚዛኑ ሲወዛወዝ ይመሻል። ጫማ ሊገዛ ወጥቶ በአሮጌው ጫማ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር ሶሉ ያልቅና በባዶ እግሩ ሊገባ ምንም አይቀረው። ሚስቱን ለማግባት ስድስት ዓመት እቤታቸው ተመላልሷል። በስድስተኛው ዓመት እሷ ራሷ «ቅዳሜ ነው፤ ሱፍህን አስተኩስ» ባትለው ኖሮ እስከ ዛሬም በእንግድነት ሻይ እየጠጣ ይሆን ነበር።

ሚስቱ አዋላጅ ነርስ ናት። በእሷ ሥራ «እስኪ ላስብበት» የሚባል ነገር የለም፤ ልጁ መጣ ማለት መጣ ነው። እግዜር ሁለቱን ያጋባው ሲቀልድ ይሁን ሲያመዛዝን እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የመኪናው ጉዳይ የተጀመረው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ግራም አሮጌዋን መኪናውን ሸጣት። የሸጣት ደግሞ በብልሃት ነበር፤ «እጄ ላይ መኪና እስካለ ድረስ አዲስ አልገዛም፣ ከሌለኝ ግን እወስናለሁ» ብሎ ራሱን ጥግ ማስያዙ ነው። ራሱን ጥግ አስያዘና እዚያው ጥግ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ቤተሰቡ በእግሩ መሄዱን ቀጠለ።

የሚመርጠው ከመቶ ዓይነት መኪና መሃል እንዳይመስላችሁ። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም አንድ መደብር ውስጥ ጎን ለጎን የቆሙ፣ ከፍ ያሉ፣ ሰባት ሰው የሚይዙ፣ ቀለማቸው ሳይቀር አንድ የሆነ። አንዷ በቤንዚን ብቻ ትሄዳለች። ሌላዋ ሃይብሪድ ናት፤ ቤንዚንም ባትሪም አላት፣ ሲያሻት በዚህ ሲያሻት በዚያ ትሄዳለች። ልዩነታቸው ይኸው ነው። ይኸው ልዩነት ሦስት ዓመት ፈጀ። መካኒኩ ጓደኛው «ሁለት ሞተር ማለት ሁለት ብልሽት ማለት ነው» ሲለው ወደ ቤንዚኗ ያዘነብላል። የቢሮው ሒሳብ ሠራተኛ «ቤንዚን ዛሬ የገባበትን ታያለህ?» ስትለው ወደ ሃይብሪዷ ይዞራል። መደብሩ ውስጥ መጀመሪያ ሲገባ ሻጩ ወንደላጤ ነበር፤ አሁን የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። ትልቋ «አጎቴ መኪና» እያለች ትጠራዋለች።

ይህ ሁሉ እየተሳቀበት ሊቀጥል ይችል ነበር፤ ግን አንድ ቃል ነበረበት። ከአራት ዓመት በፊት፣ አንድ ልጁ ኮሌጅ ስትገባ፣ «ተመርቀሽ ሥራ የያዝሽ ቀን፣ የትም ይሁን የት፣ በገዛ መኪናዬ ደጃፍሽ ድረስ አደርስሻለሁ» ብሏታል። ልጅቷ ይህን ለጓደኞቿ አውርታለች። አሁን ተመርቃ የፊዚክስ አስተማሪ ሆናለች፤ የተመደበችውም በአውቶቡስ አምስት ሰዓት በሚያስኬድ ከተማ ነው። ሰኞ ሥራ ትጀምራለች፤ ቅዳሜ ትወጣለች።

«ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ከነሻንጣዋ ደጅ ትቆማለች» አለች ሚስቱ፣ ሰኞ ማታ እራት ላይ። «በምን እንደምትሄድ አንተ ታውቃለህ።»

«ገና አምስት ቀን አለ እኮ።»

«ሦስት ዓመት ነበረህ።»

«ልዩነታቸው በትክክል አልተለካማ!» አለ ግራም፣ ማንኪያውን አስቀምጦ። «ሻጩ የሚነግረኝ የፋብሪካውን ቁጥር ነው። ፋብሪካው በየትኛው መንገድ ነው የለካው? ማንን አሳፍሮ? የኔን ቤተሰብ አሳፍሯል?»

«እኔ ዛሬ ሦስት ልጅ አዋልጄ መጣሁ» አለች ሚስቱ። «አንዱም "ቆዩኝ፣ ላመዛዝን" አላለም።»

«እሱ ራሱ ሲወለድ ግን ሳይል አልቀረም» አሉ አማቱ ከወንበራቸው። አማቱ፣ የሚስቱ እናት፣ እዚያው ቤት ነው የሚኖሩት፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ ምላሳቸው ግን ደህና ነው። «ያቺን ምስኪን እናቱን ስንት ቀን አስምጧት ይሆን!»

ልጅቷ ሳቋን በእጇ ሸፈነች። «አባዬ፣ ግዴለም። አውቶቡስ አለ፤ አራት ተኩል ላይ ይነሳል።»

«አውቶቡስ የምትባል ነገር እዚህ ቤት እንዳልሰማ!» አለ ግራም። «አደርስሻለሁ ብያለሁ፣ አደርስሻለሁ። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ አዲስ መኪና፣ ደጃፍሽ ድረስ። አለቀ።»

ያን ማታ ትክክለኛ ሐሳብ መጣለት። ትክክለኛ የሚያሰኘው እንግዲህ ለእሱ ነው። ቁጥሩን ማንም አይሰጠውም፤ ራሱ ይለካል። ሁለቱን መኪኖች ተውሶ፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ፍጥነት፣ አንድ ዓይነት ጭነት ጭኖ ይነዳቸዋል። ከዚያ የበሉትን ቤንዚን ይመዝናል። በሊትር ሳይሆን በግራም፤ ቤንዚን ሲሞቅ ያብጣል፣ ሲበርድ ይጨማደዳል፣ ሊትር ዋሾ ነው፤ ግራም ግን አይዋሽም። ጭነቱም የገዛ ቤተሰቡ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ቤተሰቡ መመዘን አለበት።

ማክሰኞ ከሥራ ሲመለስ የቢሮውን ትልቁን የመሬት ሚዛን በታክሲ ጭኖ መጣ። ሳሎን መሃል ዘረጋው፤ ተንበርክኮ የውሃ ልኩን እያየ በአንድ እግሩ ሥር የታጠፈ ካርቶን ሸጎጠ።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ውጪ።»

ልጅቷ እየሳቀች ወጣች። «መነጽሬን ላውልቅ?»

«መነጽር አድርገሽ አይደል የምትሳፈሪው? ይኑር። አትተንፍሺ። ሃምሳ አራት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም።» ጻፈ። ሦስቱን ሻንጣዎች መዘነ፤ ስልሳ አንድ ኪሎ። ሚስቱ ከተረኝነት ስትገባ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ «ቁሚ» አላት። ልትጣላው ፈልጋ ነበር፤ ድካሟ በለጠና ቆመችለት። ስልሳ ሦስት ከመቶ።

«እማማ፣ እርስዎ ብቻ ቀሩ።»

«እኔ ልመዘን?» አሉ አማቱ። «ልትሸጠኝ ነው?»

«ለመኪናው ነው እኮ፣ እማማ።»

«መኪናውን ከከበድኩት በእግሬ እሄዳለሁ። ሦስት ዓመት አስለምደኸኝ የለም?»

ለመነ፣ ተለማመጠ፣ ሚዛኑን እወንበራቸው ሥር ድረስ ጎተተላቸው። እግራቸውን እንኳ አላነሱም። ግራም ወደ መኝታ ክፍል ገብቶ ደብተሩ ላይ አንድ ነገር ጻፈና ማንም እንዳያየው አጠፈው።

ረቡዕ መደብሩ ሄደ። ሻጩ ከሩቅ ሲያየው በጓሮ በር ሊወጣ ነበር፤ አልቀናውም።

«ሁለቱንም አውሰኝ፤ የቤንዚኗን ዓርብ ከሰዓት፣ ሃይብሪዷን ቅዳሜ ጠዋት። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ አንዷን እገዛለሁ።»

«ጋሼ» አለ ሻጩ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ይህን ነገር እውነት ካደረጉት፣ መደብሩንም ከፈለጉ ይዋሱት።»

ዓርብ ግን ጭነቱ አመፀ። መንገዱ አሥራ አራት ኪሎሜትር ነው፤ ከትልቁ አደባባይ ተነስቶ፣ በሆስፒታሉ አልፎ፣ በቤታቸው ደጃፍ ሄዶ እዚያው አደባባይ ይመለሳል። አምስት ዙር።

«አምስት ዙር ወዴት ነው የምንሄደው?» አለች ሚስቱ።

«የትም። ዞረን እዚያው ነው።»

«እዚያውማ አለን» አሉ አማቱ፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ።

ልጅቷ ልብሷን እያጣጠፈች ነበር። ሚስቱም እንቅልፏን ፈለገች። ሌላ ሰው ቢሆን ተስፋ ይቆርጥ ነበር፤ ግራም ግን ቢሮ ሄደ። ቢሮው መጋዘን ውስጥ የነጋዴ ሚዛን የሚፈተሽባቸው ብረቶች ተደርድረዋል፤ የሃያ ኪሎ፣ የአሥር፣ የአምስት፣ እስከ መቶ ግራም ድረስ። የሚፈርምባቸው እሱ ነው፣ የሚፈርምላቸውም እሱ ነው። ፈርሞ ወሰዳቸው። ከፊት ወንበር ላይ ስልሳ ሦስት ከመቶ ደረደረና «ሚስት» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ከኋላ በቀኝ ሃምሳ አራት ከሦስት መቶ፣ «ልጄ»። ከኋላ በግራም ከፍ ያለ ቁልል፣ እሱም ወረቀት አለው። ስልሳ አንድ ኪሎ ሻንጣ ከኋላ። መኪናዋ ወንበሩ ላይ ሰው የተቀመጠ መስሏት ቀበቶ ካልታሰረ ብላ ጮኸች፤ አንድ በአንድ ቀበቶ አሰረላቸው። የልጁን ቀበቶ ሁለት ጊዜ ጎትቶ አረጋገጠ።

የቤንዚኗ ፈተና ያለ እንከን አለቀ። ስምንት ኪሎ ቤንዚን ተቀዳላት፣ አምስት ዙር ሄደች፣ የተረፈው ተቀድቶ ተመዘነ፤ አራት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ አሥራ ሁለት ግራም በልታለች። ግራም ቁጥሩን ሁለት ጊዜ አሰመረበት። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ተነሳ። ዓርብ የለበሰውን ሸሚዝ ለበሰ፤ ሸሚዝ ቢቀየር ክብደት ይቀየራላ። ብረቶቹን ወደ ሃይብሪዷ አዛወረ፣ ስምንት ኪሎውን አስቀዳ፣ አሥራ ሁለት ተኩል ላይ አደባባዩ ጋ ደረሰ። ዕቅዱ ግሩም ነበር፤ እስከ ሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ አምስቱን ዙር ይጨርሳል፣ ይመዝናል፣ ይወስናል፣ ይፈርማል፣ ልጁን ይዞ ይወጣል።

አደባባዩ ባዶ ነው።

ዓርብ ከሰዓት በዚህ አደባባይ በደቂቃ አርባ አንድ መኪና ሲያልፍ ቆጥሮ ጽፏል። ቅዳሜ ጠዋት ያለፉት ዘጠኝ ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ጋሪ ነው። የቤንዚኗን በግርግር ፈትኖ ሃይብሪዷን በባዶ መንገድ ቢነዳ ምን ዓይነት ሚዛን ነው? ነጋዴ እንዲህ ቢያደርግ ኖሮ ራሱ ሱቁን ባሸገው! ስለዚህ መኪናዋን ጥግ አቁሞ መቁጠር ጀመረ። አንድ ሰዓት ላይ አሥራ አራት። አንድ ተኩል ላይ ሃያ ሁለት። ሁለት ተኩል ላይ ሠላሳ ስምንት፤ ሦስት ይጎድላል። ጠበቀ። ሁለት ሰዓት ከአርባ ላይ አርባ አንዱ ሞላለት፤ ግራም «በቃ!» ብሎ ተነሳ።

የቤታቸው ደጃፍ መንገድ ላይ የፍጥነት ማብረጃ ጉብታ አለች። እዚያ የደረሰ መኪና ሁሉ እንደ ሙሽራ ነው የሚራመደው። ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ጉዳይ ግራም በቀስታ ብቅ ሲል ልጅቷና አያቷ ደጅ ቆመዋል። አማቱ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። «ተመስገን! ይኸው ዛሬስ ሰው ሆነ!» ልጅቷ አንዱን ሻንጣ አንስታ ወደ በሩ ሮጠች።

መኪናዋ ጉብታዋን ወጣች፣ ወረደች፣ አለፈች።

«አራት ዙር!» አለ ግራም በመስኮት፣ አራት ጣቱን አውጥቶ። «አራት ዙር ብቻ!»

በሁለተኛው ዙር ልጅቷ ሻንጣው ላይ ተቀምጣለች። አማቱ ግን ዱላቸውን ይዘው ጉብታዋ አጠገብ ቆመው ነበር የጠበቁት። መኪናዋ ፍጥነቷን ስትቀንስ አብረዋት መራመድ ጀመሩ። ይህን ጊዜ የሃይብሪድ ጉድ ታየ። የቤንዚኗ ብትሆን ሞተሯ ይጮህለት፣ እሱም «አልሰማሁም» ይል ነበር። ይቺ ግን ቀስ ስትል በባትሪ ነው የምትሄደው፤ ድምፅ የላትም፤ የአማቱ ቃል አንድ በአንድ፣ ሳይጎድል፣ እጆሮው ውስጥ ይገባል።

«አንተ ሰው፣ ቁም! ልጅህ ደጅ ቆማ ፀሐይ እየበላት ነው!»

«እማማ፣ ከቆምኩ ይበላሻል!»

«ምኑ ነው የሚበላሸው? አንተ ነህ የተበላሸኸው! ምንድን ነው ይሄ የጫንከው?» አማቱ በኋላው መስኮት አጎንብሰው ተመለከቱ። ጉልበታቸው ቢያምም ዓይናቸው ንስር ነው። በግራ በኩል ያለው ቁልል ላይ የተለጠፈውን አነበቡት። «"አማት፣ በግምት፣ ሰማንያ አምስት"።»

ዝም አሉ። በሃያ አራት ዓመት ውስጥ አማቱ ዝም ሲሉ ለግራም የመጀመሪያው ነው፤ ፈራ።

«ሰማንያ አምስት?!» አሉ መጨረሻ ላይ፣ ሰፈሩ ሁሉ መስኮቱን እንዲከፍት በሚያደርግ ድምፅ። «ሰማንያ አምስት እኔን?! በግምት?! ለሽንኩርት ሻጭ ግራም አላልፍም የምትል ሰውዬ እኔን በግምት?!»

መኪናዋ ከጉብታዋ ወረደች። ግራም ከልቡ አፈረ፤ ያፈረው ግን ስለ ልጁ አልነበረም። ትክክል ብለዋል፤ ግምት መጻፍ አልነበረበትም።

በሦስተኛው ዙር ጉብታዋ ጋ የቆመችው ልጅቷ ናት። ሰዓቱ ሦስት ከአርባ ይላል። አልጮኸችም። መስኮቱ አጠገብ እየተራመደች ተናገረች።

«አባዬ፣ አሁን ቁም። በዚችው እንሂድ። የትኛዋም ብትሆን ለኔ ግድ የለኝም።»

«የኔ ልጅ፣ ሁለት ዙር ብቻ! አሁን ብቆም የትናንቱም ከንቱ መቅረቱ ነው። ሁለት ዙር ምን አላት? አንድ ሰዓት አትሞላም።»

ልጅቷ የኋላውን ወንበር አየች። «እኔ ነኝ ይሄ?»

«ሃምሳ አራት ከሦስት መቶ!» አለ ግራም በኩራት። «ልክ አንቺን። አንዲት ግራም አትጎድልም።»

«ቀበቶም አስረህላታል» አለች ልጅቷ።

ከዚያ መራመዷን አቆመች። ግራም በመስታወቱ አያት፤ እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች። ሰዓት አክባሪ ልጅ ናት፤ ትጠብቀዋለች ብሎ አሰበ። አራተኛውን ዙር ጀመረ።

አራት ሰዓት ከአምስት ላይ ሲመለስ ደጁ ባዶ ነው። ሻንጣ የለም። ጉብታዋ ላይ፣ መንገዱ መሃል፣ ሚስቱ ነጭ ጋውኗን ሳታወልቅ ቆማለች፤ ከሆስፒታል መድረሷ ነበር። አልተንቀሳቀሰችም። ግራም ፍሬን ያዘ። አምስት ዙር ያለማቋረጥ የሚነዳው መኪና ቆመ።

«ሄደች» አለች ሚስቱ።

«በምን?»

«በታክሲ ወደ መናኸሪያ። በአውቶቡስ ወደ ሥራዋ።»

«አንድ ዙር እኮ ነበር የቀረኝ!»

ሚስቱ የኋላውን በር ከፍታ «ልጄ» የሚለውን ቁልል አየች። ብዙ ነገር የምትናገር መስሎት ግራም ትከሻውን ሰበሰበ። እሷ ግን በጣም ደክሟት ነበር።

«ይኸው ልጅህ» አለች። «አድርሳት።»

በሩን ዘግታ እንቅልፏን ልትተኛ ገባች።

ግራም መሪውን እንደያዘ ቁጭ አለ። ምን ያህል ቁጭ እንዳለ አልለካም። ከዚያ መኪናዋን ወደ መናኸሪያው አዞራት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት ከሠላሳ አምስት ኪሎሜትር በላይ ነዳ፤ በአንድ መታጠፊያ ላይ የብረቷ አማት ተንሸራተው ከብረቷ ልጅ ጋር ተጋጩ። መናኸሪያው በር ላይ ሲደርስ አውቶቡሱ እየወጣ ነው። በሦስተኛው መስኮት የልጁን መነጽር አየ። ጥሩንባ ነፋ፤ አውቶቡሱም መልሶ ነፋበት። ተከተለው።

ከከተማው ወጥተው ስልኳን ስታነሳ ድምፅዋ የተረጋጋ ነበር።

«አባዬ፣ ተመለስ።»

«ለሹፌሩ ንገሪው፣ ያቁም! ቦታሽ አለ፣ አወርዳታለሁ፣ ብረቷን አወርዳታለሁ!»

«ሹፌሩ "የማውቀው ፌርማታ ብቻ ነው" አለ። የመጀመሪያው ፌርማታ ደግሞ እዚያው የምወርድበት ነው።»

«ቲኬትሽን ምን ብለሽ አገኘሽው? ቅዳሜ ቀን እንዴት በአንድ ጊዜ ተገኘ?»

«ማክሰኞ ነው የቆረጥኩት።»

«ማክሰኞ?»

«ከመዘንከኝ በኋላ።»

ግራም ስልኩን ወንበሩ ላይ፣ የሚስቱ ጉልበት መሆን ባለበት ብረት ላይ አስቀመጠው። ማክሰኞ። እሱ ገና ሚዛኑን ወደ አማቱ ወንበር እየጎተተ እያለ እሷ ወስና ጨርሳለች።

መንገዱ ረጅም ነው። ታንከሩ ውስጥ ደግሞ ተመዝኖ የገባው ስምንት ኪሎ ብቻ ነበር፤ ከዚያም ሲሶውን የሚያህል ዙር ሲዞር አልቋል። የመጀመሪያው ማደያ ጋ ሲደርሱ «ልቁም ወይስ ልከተል? ብቆም ያመልጠኛል፤ ባልቆም ያልቅብኛል» እያለ አመዛዘነና ሳይጨርስ አለፈው። ሁለተኛው ማደያ ከሃምሳ ኪሎሜትር በኋላ መጣ። እሱ ገና የመጀመሪያውን እያመዛዘነ ነበር።

ቤንዚኑ አለቀ። ሃይብሪድ ግን ጨዋ ናት፤ ከሞተች በኋላ እንኳ ሁለት ኪሎሜትር በባትሪ ሄደችለት፣ ድምፅ ሳታሰማ። ከዚያ ዳር ይዛ ቆመች። አውቶቡሱ ከፊት ዳገቱን ወጣ፣ ክብሪት ቀፎ አከለ፣ ጠፋ።

እንግዲህ ሳይፈልገው፣ ሳያስበው፣ ግራም በሕይወቱ ከለካው ሁሉ የተጣራ ልኬት እጁ ገባ። ስምንት ኪሎ ቤንዚን፣ እስከ መጨረሻዋ ግራም፣ ይህን ያህል ኪሎሜትር። የትናንቱ ቁጥር ደብተሩ ላይ አለ። ማካፈል ብቻ ነው የሚቀረው፤ ሦስት ዓመት ያንገበገበው መልስ በሁለት መስመር ይወጣል። ብዕሩን አወጣ። ወደ ኋላ ዞር ሲል ቤተሰቡ ቀበቶውን አስሮ፣ ወረቀቱን ለጥፎ፣ ዝም ብሎ ተቀምጧል። እንዲህ ዝም ብሎ የሚያዳምጠው ቤተሰብ ኖሮት አያውቅም።

ከኋላ ሌላ አውቶቡስ መጣ። ወደዚያው ከተማ የሚሄድ ነው።

በደህናው ቀን ቢሆን ግራም ይህን ጉዳይ ለአንድ ወር ይይዘው ነበር። የሰው መኪና ሜዳ ላይ ይተዋል? የመንግሥት ብረትስ? ሰኞ ማን ይጠየቃል? ለሻጩ ማን ይነግረዋል? አውቶቡሱ ግን የሚቆመው እጅ ላነሳ ሰው ብቻ ነው፤ እስኪመዛዘን አይጠብቅም። ግራም እጁን አነሳ።

መኪናዋን ቆለፈ፣ ሮጦ ተሳፈረ። ረዳቱ በመስኮት ወደ ኋላ እያየ «አባባ፣ ሰዎቹን ቆልፈህባቸው መጣህ እንዴ?» አለው።

«ብረት ናቸው» አለ ግራም።

«የኔም ዘመዶች እንደዚያው ናቸው» አለ ረዳቱና ቲኬት ቆረጠለት።

መንገድ ላይ ለሻጩ ደውሎ መኪናዋ የት እንደቆመች ነገረው። ሻጩ «ይገዟታል ወይ?» ብሎ አልጠየቀም፤ «ቁልፉን ብቻ፣ ጋሼ፣ ቁልፉን ይመልሱልኝ» አለና ስልኩን ለራሱ ሚስት ሰጥቶ ተቀመጠ አሉ።

የአስተማሪዎቹ መኖሪያ ባለ ሦስት ፎቅ ነው። ግራም ሲደርስ አመሻሹ ላይ ነበር። ሦስቱ ሻንጣዎች ምድር ቤት ጥበቃው ጋ ተቀምጠዋል፤ ልጅቷ ብቻዋን ልትሸከማቸው አልቻለችም። አንዱን ጀርባው ላይ፣ ሁለቱን በእጁ አንጠልጥሎ ወጣ። ስልሳ አንድ ኪሎ። ማክሰኞ ወረቀት ላይ ሲጽፈው ይህን ያህል አይከብድም ነበር። በሁለተኛው ፎቅ አረፈ፣ በሦስተኛው በሩን በእግሩ አንኳኳ።

ልጅቷ ከፈተች። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ መጥረጊያ ይዛለች። አየችው፤ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«በምን መጣህ?»

«በአውቶቡስ።»

ልትስቅ ስትል ተወችው፤ ልትቆጣ ስትል እሱንም ተወችው። ሻንጣዎቹን ከእጁ ተቀብላ አስገባች። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ መሃል ላይ የቆመ የብረት አልጋ።

«አልጋውን ወዴት ላድርገው ብዬ ሳስብ ነበር» አለች። «መስኮቱ ሥር ወይስ ግድግዳው ጋ?»

ግራም እስትንፋሱ ሳይመለስ ዓይኑን ከመስኮቱ ወደ ግድግዳው፣ ከግድግዳው ወደ መስኮቱ አመላለሰ። መስኮቱ ሥር ብርሃን አለ፤ ግን ብርድ ይገባል። ግድግዳው ጋ ይሞቃል፤ ግን ሲነጋ አይታወቅም። እጁ ወደ ኪሱ ሄደ።

«ሜትር አለሽ?»

«አባዬ» አለች ልጅቷ። አልጋውን በራስጌው በኩል አንስታ ወደ መስኮቱ መጎተት ጀምራለች። «በዚያ በኩል ያዝልኝ።»

ያዘላት።